የቀይ ቦሎቄው ግማሽ ሰዓት

ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ በቁመናው ይኮራል፣ ሌላው በዘመዱ፤ ይቺ ታሪኳን የማወጋችሁ ሴት ደግሞ የምትኮራው በድስቷ ነበር። አትሳቁ። ድስት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሥራዋ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ መተኮስ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ትገባለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች፤ ቀኑን በእንፋሎት ስትቀቀል ውላ፣ የአራት ዓመት መንትዮቿን ከሕፃናት ማቆያ ይዛ ቤቷ ስትደርስ ዐሥር ሰዓት ያልፋል። ልጆቹ በሩን ገና ሳያልፉ "እማ ራበን" ይጀምራሉ። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ደግ ሰው፣ ሰው የማያስቀይም፤ ነገር ግን ጓዳ ገብቶ እንቁላል እንኳ መቀቀል አያውቅም። ደግሞስ በዚያ ቤት እንቁላል መቼ ገብቶ ይወቅ?

ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከዚያ ቤት የወጡት በመሐላ አይደለም። ኑሮ ነው ያስወጣቸው። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ "ልጆቼ ምን በልተው ያድጋሉ" እያለች ስትብሰከሰክ ከረመች። በኋላ ስታየው ልጆቹ በምስርና በሽምብራ ጉንጫቸው ሞላ፤ ይሯሯጣሉ፣ ይደባደባሉ፣ ጫማ ይጨርሳሉ። "እንግዲያው የጎደለኝ ሥጋ አይደለም፣ ጊዜ ነው" አለች።

ጊዜን ደግሞ በብርድ ልብስ አሸነፈችው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ልጆቹን እያለባበሰች ድስቱን ትጥዳለች፤ ምስር ከሆነ ምስር፣ ሩዝ ከሆነ ሩዝ፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ ከሆነ ሽምብራ። ደህና አድርጎ ሲፈላ ታወርደዋለች፤ ክዳኑን እንደገጠመች በጋዜጣ፣ ከጋዜጣው በላይ ደግሞ ጠርዙ ተቃጥሎ ከሥራ ቦታዋ በተጣለ ወፍራም ብርድ ልብስ ትጠቀልለውና የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ምድጃውን አጥፍቶ መሄድ ነው። ድስቱ በገዛ ትኩሳቱ ሲበስል ይውላል። ከሰዓት መጥታ ስትፈታው እጅ ይፈጃል። ሽንኩርትና ቲማቲም በትንሽ ዘይት ታቁላላለች፣ ካሮት ትፍቅበታለች፣ ከምስሩ ጋር ታዋህደዋለች፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መንትዮቹ አፍ ውስጥ ነው። በማግስቱ ድንች በጎመን፣ ከዚያ በማግስቱ ሽምብራ በነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ዳቦ ላይ ትቀባላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት አጃ በውሃ ታፈላና ሙዝ ትደፈጥጥበታለች፤ ከላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ነስነስ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ልጆቹም ሳህኑን ይልሱታል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?

የሚኖሩት በረድፍ በተሠሩ ስምንት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ በረንዳው የጋራ፣ ውሃውም የጋራ። እንዲህ ባለ ቦታ ማን ምን እንደበላ የማያውቅ የለም። ስሟን ትተው "ባለ ብርድ ልብሷ" ይሏት ጀመር። እሷም "ኤዲያ፣ ሥራ ፈቶች" እያለች ትቆጣለች፤ ውስጧ ግን ቅቤ ይጠጣል። ሥራ ቦታዋ ከመቶ አንሶላ አንዷ ብትጨማደድ ስድብ እንጂ የመቶዎቹን ምስጋና አታገኝም። ሰው የሚያመሰግናት በዚያ ድስት ብቻ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ፣ ለፍርድ ይጠቅማችኋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከጎኗ ያለውን ክፍል አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ተከራየችው። ግድግዳቸው አንድ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲያንኳኳ ይሰማል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሄደ ማለት ዐሥር ቀን አይታይም። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ትንሹ ወተት ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል፣ እንቁላል ከነካ መላ አካሉ ሽፍ ይላል። ሥጋውን ደግሞ እንደ ሁሉም ሰው በሩቁ ነው የሚያውቁት። ወጣቷ እናት ግራ ገብቷት ለሁለቱም ዳቦ በሻይ እየነከረች ታበላቸው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላት በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብርድ ልብስ የሚለብስ ድስት አለሽ የሚሉት እውነት ነው?"

"ማነው ያለሽ?"

"ሁሉም።"

"ነይ ግቢ በይ። በር ላይ ቆሞ ድስት አይጠየቅም።"

እንዲህ ተጀመረ። ባለ ብርድ ልብሷ አስተማሪነቱን ወደደችው። ምስሩን እንዴት እንደምትለቅም፣ ሩዙን በስንት ውሃ እንደምትጥድ፣ ድንቹን እንዴት ከነልጣጩ ቀቅላ እንደምታተርፍ፣ ለትንሹ ኦቾሎኒውን በምላስ ጫፍ አስቀምሳ ቀኑን ሙሉ እንደምትጠባበቅ፣ አንድ በአንድ አሳየቻት። ከማጠቢያ ቤቱም ሌላ አሮጌ ብርድ ልብስ ለምና አመጣችላት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አንዴ ከተነገራት የማይደገምላት ልጅ ናት። ትሰማለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ በማግስቱ ሠርታ በሳህን ታመጣለች። ሁለቱ ልጆቿ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ልጆች ሆኑ። ሾፌሩ ከመንገድ ሲመለስ ትንሹን አንስቶ "ይሄማ ድንጋይ ሆነ" እያለ ለበረንዳው ሁሉ ያሳይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ "የእትዬ ሥራ ነው" ትላለች፤ ባለ ብርድ ልብሷም ቀና ትላለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ወሬ ነበር።

አንድ ሐሙስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ በዝቶ ባለ ብርድ ልብሷ አመሸች። መንትዮቹን ከማቆያ ያመጣቻቸው፣ ያበላቻቸውም ልብስ ሰፊዋ ናት። እናታቸው ስትገባ ጠግበው ምንጣፍ ላይ ተዘርግተዋል።

"ምን በላችሁ?" አለቻቸው ጫማዋን እያወለቀች።

"ምስር።"

"እሰይ።"

"እማ፣ የሷ ይበልጣል" አለ አንደኛው።

"ምኑ ነው የሚበልጠው?"

"ይጣፍጣል።"

"አንቺም እንደሷ ሥሪ" አለ ሌላኛው።

ቧንቧ ሠራተኛው ሳቀ። "እንግዲህ ተማሪሽ ቀደመችሽ" አላት። ክፉ አላሰበም፤ ያ ሰውዬ ክፉ ማሰብ አይችልበትም። እሷም አብራ ሳቀች። ነገሩ ግን ሆዷ ገባ። በዚያ ላይ በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሦስተኛው ክፍል ያሉት ሴትዮ "ያቺ ልብስ ሰፊ እንዴት ያለ እጅ አላት" ይላሉ። ስለ ምስሩ ነው የሚያወሩት። የማን ምስር መሰላችሁ?

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ አንድ ከረጢት ቀይ ቦሎቄ ታቅፋለች።

"እትዬ፣ በቅናሽ አገኘሁት። ይሄን እስካሁን አላሳየሽኝም።"

አሁን የቀይ ቦሎቄ ነገር እንዲህ ነው። ባለ ብርድ ልብሷን ያሳደገቻት አክስቷ ነበረች፤ አክስቲቱ ደግሞ በነገር ሁሉ የምትለሳለስ፣ በቀይ ቦሎቄ ግን የማትደራደር ሴት። "ያደረበት ውሃ ይደፋል። በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይፈላል። ግማሽ ሰዓት ካልኩ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን አድርጊው" ትል ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ባለ ብርድ ልብሷም ጠይቃት አታውቅም። እንዲለሰልስ ነው ብላ ነው የምታስበው። ራሷ ቦሎቄ በምትሠራበት ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትነሳለች።

ይህን ሁሉ እያወቀች ምን አለቻት?

"አሳድሪው፣ ጣጂው፣ ገንፈል ሲል አውርደሽ ጠቅልዪው። በቃ።"

"እንደ ምስሩ?"

"እንደ ምስሩ።"

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሴትዮዋ ሰው ልትጎዳ አላሰበችም። ቦሎቄው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ልጆቹ ይተፉታል፣ ልብስ ሰፊዋም "እትዬ፣ የኔ እንዳንቺ አልሆነም" ብላ ትመጣለች፤ ያኔ "ውይ፣ ለካ አልነገርኩሽም" ብላ ትነግራታለች። ሐሳቧ በሙሉ ይኸው ነበር። ስንት ባለሙያ ሴት ነው ሙያዋን ስታካፍል አንዷን ነገር በጉያዋ የምታስቀር? እኔ ራሴ ሰባት አውቃለሁ። አንዳቸውም ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ አልወረደም።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ልብስ ሰፊዋ ትንሹን ታቅፋ ቆማለች፤ ልጁ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ አንገቱ አይጸናም። ትልቋ ደረጃው ላይ ተጎንብሳ ታስመልሳለች። ምሳ ስምንት ሰዓት ላይ በሉ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጀመራቸው፣ አልቆምም አለ። ባለ ብርድ ልብሷ መንትዮቿን ለጎረቤት ወርውራ ትልቋን አዘለችና ጤና ጣቢያ ድረስ እየሮጡ ሄዱ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ እንደገና አስመለሰች፤ ሙቁ በአንገቷ ወረደ።

ሐኪሟ ፈጣን ሴት ነበረች። ለትንሹ ግሉኮስ እየሰካች ጠየቀች።

"ምን በሉ?"

"ቀይ ቦሎቄ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እንዴት አብስለሽው?"

"ገንፈል ሲል አውርጄ... በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አዋልኩት።"

ሐኪሟ እጇን አቆመች። "ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ ከተበላ መርዝ ነው። ለብ ብሎ ሲውል ደግሞ ይብሳል። ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ ዞራ ባለ ብርድ ልብሷን አየቻት። በዓይኗ የከሰሰቻት እንዳይመስላችሁ፤ የጠፋ ነገር ሰው እንደሚፈልግ ነው ያየቻት። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"ማንም አላለኝም። እትዬ በደንብ ነግራኛለች፤ እኔ ነኝ የዘነጋሁት። ሐሳቤ ስፌቱ ላይ ነበር።"

አንዴ ከተነገራት የማይደገምላት ልጅ። ባለ ብርድ ልብሷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። "ልጆቹ ይሻላቸው፣ ከዚያ እነግራታለሁ" አለች በልቧ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ልጆቹ ተሻላቸው። ትልቋ በዚያው ምሽት፣ ትንሹ በማግስቱ ከሰዓት ወጡ። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ከመንገድ ገባ፤ ወሬውን ከበረንዳው ሰምቶ ነው ቤቱ የደረሰው። ገብቶ ልጆቹን አየ፣ ወጣ፣ ባለ ብርድ ልብሷን ልብስ ስታሰጣ አገኛት። ዓይኑ ቀልቷል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እንዲፈላ ነግረሻት ነበር?"

ይኸውላችሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አንዲት ቃል ናት፤ "አልነገርኳትም" ማለት። ሰውየው ይጮህባት ይሆናል፣ በረንዳው አንድ ወር ያማታል፣ ከዚያ ያልፋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ያየችው ስምንቱን በር ነው፤ ከእያንዳንዱ በር አንድ ጆሮ ብቅ ብሏል። ባለ ብርድ ልብሷ መርዝ አስተማረች ሲባል ታያት።

"ነግሬያት ነበር" አለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ገባ። ግድግዳው አንድ ነው ብያለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ሰማች። ሚስቱን አልመታትም፣ ብዙም አልጮኸባትም። "በልጆቼ ሕይወት ላይ ሐሳብሽ የት ነበር?" ብቻ አላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

በሳምንቱ የሾፌሩ እናት ጓዛቸውን ይዘው መጡ። "አንቺ ስፌትሽን ስፊ። የልጆቹን አፍ ለእኔ ተዪው" አሏት። ጓዳው የእሳቸው ሆነ። እሳቸው የማይችሉ ቀን ሾፌሩ "እትዬ ትሥራላቸው" ይላል፤ ባለ ብርድ ልብሷም በሳህን ሠርታ ታቀብላለች። ከሁሉ የከፋው የትልቋ ነገር ነው። ያ ማስመለስ ልጅቷ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። እናቷ ዳቦ እንኳ ቆርሳ ብትሰጣት ታፈገፍጋለች። "የእማን አልበላም፣ ያስመልሰኛል" ትላለች፤ የባለ ብርድ ልብሷን ግን ሳህኑን ጠርጋ ትበላለች፣ "ያንቺ ይጣፍጣል" ትላለች። ባለ ብርድ ልብሷ የፈለገችውን ምስጋና ከልጅቷ አፍ አገኘችው። ያን ቃል የሰማች ዕለት ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች፤ ባሏ "ምን ሆንሽ?" ሲላት "ሽንኩርት" አለችው።

ለልብስ ሰፊዋ እውነቱን ልትነግራት ስንቴ ተነሳች። ውሃ ሲቀዱ ልትነግራት ትልና ሌላ ሰው ይመጣል። በሩን ታንኳኳና አማትየው ይከፍታሉ። እንዲያውም አንድ ቀን ብቻቸውን ተገናኙ፤ ልብስ ሰፊዋ ቀድማ "እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ልጆቼ ምን ይሆኑ ነበር" አለቻትና አንደበቷን ዘጋችው። "ነገ" ትላለች። ነገ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ዓመት ሞላ፤ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ሰፈር ለቆ ሄደ። መኪናው ዕቃ ጭኖ ሲወጣ ባለ ብርድ ልብሷ እያውለበለበች ደረቷ ቀለላት። ለዚያ ቅለት ነው በኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት።

ስምንት ዓመት አለፈ። መንትዮቹ ጉርምስና ጀመራቸው፤ ድምፃቸው ወፈረ፤ ምስሩንም ራሳቸው ይሠሩት ጀመር። የእሷ ጣቶች ከካውያው የተነሳ አልታጠፍ አሉ። ቀይ ቦሎቄ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ባሏ አንዴ "ምነው ተውሽው?" ቢላት "ዋጋው" አለችው፤ ዋጋው እንደሆነ ከምስሩ ይረክስ ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ነርስ አስጠራቻት። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች በሳምንት አንዴ ይሰበሰባሉ፤ ከሥራ በፊት የሚያልቅ፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ያለ ሥጋ ያለ ወተት ልጅ የሚያጠግብ ምግብ የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። "ያንቺን ያህል የሚያውቅ የለም ብለውኛል" አለቻት። ሄደች። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች፣ ግማሾቹ ልጅ ታቅፈው፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ምስሩን አሳየች፣ ሽምብራውን አሳየች፣ ብርድ ልብሱን ስትጠቀልል ሳቁላት። ከዚያ ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ቦሎቄ አስቀመጠች።

"ይሄ ግማሽ ሰዓት ይፈላል" አለች ባለ ብርድ ልብሷ። "ያደረበት ውሃ ይደፋል፤ በአዲስ ውሃ፣ እየተንተከተከ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ በፊት እንዳትጠቀልሉት።"

ከኋላ አንዲት ልጅ እግር እናት እጇን አወጣች። "ጊዜ ባይኖረኝስ? ገንፈል ሲል ባወርደው ምን ይሆናል?"

"ልጆችሽ ይታመማሉ። ግሉኮስ ይሰካላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ልጅሽ ከእጅሽ አትበላም" አለች። የመጨረሻውን ለምን እንደተናገረችው አታውቅም። ነርሷ "የደረሰበት ሰው ታውቂያለሽ?" አለቻት። "አውቃለሁ" ብላ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች።

ለሃያ የማታውቃቸው ሴቶች የተናገረችውን ለአንዷ ሳትናገር ዘጠኝ ዓመት። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሰው አጠያይቃ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ይዛለች፤ ከኋላው አንዲት ክፍል አለች፣ የሚኖሩትም እዚያው ነው። ትንሽ ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። ስታያት ብድግ ብላ አቀፈቻት።

"እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?"

ሾፌሩ እንደ ድሮው መንገድ ላይ ነው። አማትየው ከሞቱ ዓመት ሆኗቸዋል። ትንሹ ዐሥራ አንድ ሞላው፣ ኳስ እንጂ ሌላ አያውቅም። ትልቋ ዐሥራ አራት ሆናለች፤ ለራሷም ለወንድሟም የምታበስለው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ እያወራች የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ባለ ብርድ ልብሷ ቁጭ እንዳለች፣ ሻይ እንኳ ሳይቀርብላት፣ አወራረደችው። የመንትዮቹን ቃል፣ ቦሎቄውን፣ የደበቀቻትን ግማሽ ሰዓት፣ ለሾፌሩ የመለሰችለትን። የዘነጋሽው ነገር የለም አለቻት፤ ያልነገርኩሽን እንዴት ትዘነጊዋለሽ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

"እኔኮ ራሴን አላምንም ነበር" አለች በቀስታ። "በር ቆልፌ ወጥቼ ተመልሼ አያለሁ። ሱሪ ሦስት ጊዜ ነው የምለካው። የምዘነጋ ሴት ነኝ ብዬ ዘጠኝ ዓመት።"

"ይቅር በዪኝ።"

"ስለ ይቅርታው በኋላ። ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ለእኔ የነገርሽኝን ለእሷ ንገሪያት። አንድም ሳታስቀሪ።"

ጠበቁ። እንዴት ያለ መጠበቅ ነበር መሰላችሁ። ልብስ ሰፊዋ መርፌ እንኳ አላነሳችም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች፤ ረዘም ያለች፣ ዝምተኛ፣ የአባቷ ዓይን ያላት። እንግዳዋን አስታውሳ ጉንጯን ሳመቻት። ባለ ብርድ ልብሷም እንደገና አንድ በአንድ ነገረቻት። ለትልቅ ሰው ከመናገር ለልጅ መናገር እንደሚከብድ ያን ቀን አወቀች።

ልጅቷ ቆማ ሰማች። ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ጎረቤት ነበርን አይደል? ምግብ ያመጡልን ነበር።"

"አዎ፣ ልጄ።"

"እማን በየቀኑ ያይዋት ነበር።"

"አያት ነበር።"

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ወደ እናቷ ዞረች።

"እማ፣ የሚበላ ነገር አለ?"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ኋላ ክፍል ገብታ መደርደሪያውን ስትከፍት፣ ዕቃ ስታንኳኳ ተሰማ። ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አታውቅም፤ ልጅቷ ናት "ከታች ነው እማ" ያለቻት። ሦስት ድንች አገኘች። በሩ ክፍት ስለሆነ ባለ ብርድ ልብሷ ከወንበሯ ሁሉንም ታያለች። ድንቹን ወፍራም አድርጋ ላጠችው፤ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ወደቀ። ውሃው ሳይፈላ ጨመረችው። እጇ ቢላ አያያዝ ረስቷል። ዐይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ በየመሐሉ "ቆይ ልጄ፣ አሁን ይደርሳል" ትላለች። አይደርስም ነበር። እንዲያ ተቆርጦ፣ በዚያ ውሃ፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ባለ ብርድ ልብሷ በሃያ ደቂቃ ሠርታ ልታቀርበው ትችል ነበር። እጇ ተነሳ፤ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በዓለም ላይ ያን ድስት መንካት የማይገባት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ብድግ ብላ ቦርሳዋን ያዘች። "ልሂድ" አለች፤ የሰማት የለም። እናትና ልጅ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቷን ታይ ነበር። ድንቹ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ሲሞላ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት። "በኋላ" የተባለው ይቅርታ እስካሁን አልደረሰም፤ እሷም ሄዳ አልጠየቀችም። ልጅቷ ያን ድንች ትብላው አትብላው አታውቅም። ማወቅ የምትፈልገው ነገር ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ የምትጠይቀው ሰው ግን የላትም።